በረኛ እና የሃርት ዋንጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰሜን አሜሪካን የበረዶ ሆኪ የሚከታተል ሰው ሚያዝያ በመጣ ቁጥር አንድ ክርክር ያጋጥመዋል፦ የዓመቱ ኮከብ ሲመረጥ በረኛው ከሌላው ተጫዋች እኩል ይታያል ወይ? የእኛ መልስ አይታይም ነው። ደንቡ አይከለክለውም፤ የሚጎዳው የመራጩ ልማድ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ይህ ልማድ ከየት እንደመጣና በረኛን በትክክል ለመመዘን ምን ማየት እንደሚያስፈልግ ያስረዳሉ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ቁጥሮቹም እስከ 2025 የተሰጡትን ሽልማቶች ይይዛሉ።

የሃርት ዋንጫ ለማን ይሰጣል? የሚመርጠውስ ማን ነው?

ናሽናል ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ዋንጫውን የሚሰጠው ለቡድኑ ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ነው ተብሎ ለተፈረደለት ተጫዋች ነው። «ለቡድኑ» የምትለዋን ቃል ያዟት፤ ክርክሩ በሙሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው። ዋንጫውን ያበረከቱት ዶክተር ዴቪድ ሃርት ናቸው፤ ልጃቸው ሴሲል ሃርት የሞንትሪያል ካናዲየንስ አሰልጣኝ ነበር። መጀመሪያ የተሸለመው በ1924 የኦታዋው ፍራንክ ናይቦር ነው።

መራጮቹ የሆኪ ጋዜጠኞች ማኅበር አባላት ናቸው። ድምፅ የሚሰጡት መደበኛው የውድድር ዘመን እንዳለቀ፣ ፕሌይኦፍ (ሻምፒዮኑ የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) ከመጀመሩ በፊት ነው። እያንዳንዱ መራጭ አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ አንደኛ የተባለው 10፣ ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 5፣ አራተኛው 3፣ አምስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል።

በረኛውን የሚጎዳው እዚሁ አቆጣጠር ላይ ነው። ሁለት የድምፅ ወረቀት ብቻ ውሰዱ። አንዱ መራጭ በረኛውን አንደኛ አድርጎ አጥቂውን ሁለተኛ ጻፈ። ሌላው «በረኛ የራሱ ሽልማት አለው» ብሎ በረኛውን ጭራሽ ሳይጽፍ አጥቂውን ሦስተኛ አደረገ። በረኛው 10 ነጥብ ይዞ ቀረ፤ ማንም አንደኛ ያላለው አጥቂ ግን 7 እና 5 ተደምሮ 12 አገኘ። መራጮች ሁሉ በረኛን መናቅ አያስፈልጋቸውም፤ ጥቂቶች ከወረቀታቸው ካወጡት ለመሸነፍ ይበቃዋል።

እስከ ዛሬ ስንት በረኛ ወሰደው?

ስምንት በረኞች፣ ዘጠኝ ጊዜ፦ ሮይ ዎርተርስ (1929፣ ኒውዮርክ አሜሪካንስ)፣ ቸክ ሬይነር (1950፣ ኒውዮርክ ሬንጀርስ)፣ አል ሮሊንስ (1954፣ ቺካጎ)፣ ዣክ ፕላንት (1962፣ ሞንትሪያል)፣ ዶሚኒክ ሃሼክ (1997 እና 1998፣ ባፋሎ)፣ ሆዜ ቴዎዶር (2002፣ ሞንትሪያል)፣ ኬሪ ፕራይስ (2015፣ ሞንትሪያል) እና ኮነር ሄለበክ (2025፣ ዊኒፔግ)። ዋንጫው በዚህ ጊዜ ውስጥ 101 ጊዜ ተሰጥቷል፤ በ2005 በሊጉ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ውዝግብ ውድድሩ ስላልተካሄደ ተሸላሚ አልነበረም።

ከፕላንት እስከ ሃሼክ 35 ዓመት ባዶ ነው። በዚያ መሃል ተከላካዩ ቦቢ ኦር መጣ፤ ከዚያም አጥቂው ዌይን ግሬትስኪ ከ1980 እስከ 1987 በተከታታይ ስምንት ጊዜ፣ በ1989 ደግሞ ዘጠነኛውን ወሰደ። ከግሬትስኪ ጋር ተወዳድሮ የተሸነፈ በረኛ በደል ደረሰበት ማለት ይከብዳል። ኬን ድራይደን ግን በ1970ዎቹ ስድስት የስታንሊ ዋንጫ (የሊጉን የሻምፒዮንነት ዋንጫ) ሲያነሳ ሃርትን አንድም ጊዜ አላገኘም። 691 ጨዋታ ያሸነፈውና 125 ጊዜ መረቡን ሳያስደፍር የወጣው ማርቲን ብሮዶርም አላገኘም። ፓትሪክ ሮይም እንዲሁ።

ከ101 ዘጠኝ ትንሽ ነው?

በሜዳ ላይ ከሚሰለፉት ስድስት ሰዎች አንዱ በረኛ ስለሆነ ከስድስት አንድ ይድረሰው የሚል ስሌት ይቀርባል። እኛ በዚህ ስሌት አናምንም፤ ሽልማት በኮታ አይከፋፈልም። በኮታ ከሆነማ ከበረኛ በላይ የተበደለው ተከላካይ ነው፤ ከኦር የ1972 ሽልማት ወዲህ ያሸነፈው ብቸኛ ተከላካይ በ2000 ክሪስ ፕሮንገር ነው።

የተሻለው መለኪያ እጅግ የላቀ ዓመት ያሳለፈ በረኛ በእጩነት እንኳ ይቀርብ እንደሆነ ማየት ነው። እዚህ ላይ ቅሬታችን የጠነከረ ነው። በ2011 የቦስተኑ ቲም ቶማስ ከተመቱበት ምቶች 93.8 በመቶውን አዳነ፤ በወቅቱ አዲስ ክብረ ወሰን ነበር። ከመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች ውስጥ ግን አልገባም። በ2023 የዚያው ቡድን በረኛ ሊነስ ኡልማርክ ያንኑ 93.8 በመቶ ይዞ 40 ጨዋታ አሸንፎ በ6 ብቻ በመደበኛ ሰዓት ተሸነፈ፤ እሱም አልታጨም። በ2022 የሬንጀርሱ ኢጎር ሸስተርኪን በ93.5 በመቶ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውን 60 ግብ ያስቆጠረው ኦስተን ማቲውስ ወሰደው። የሸስተርኪንን ሽንፈት እንቀበላለን፤ 60 ግብ 60 ግብ ነው። ቶማስ ከሦስቱ ውስጥ አለመግባቱን ግን እስከ ዛሬ አንቀበልም።

«በረኛ ቬዚና አለው፤ ሃርት ለሌላው ይተውለት» ቢባልስ?

በብዛት የሚነገረውና ደካማው ክርክር ይህ ነው። የቬዚና ዋንጫ የኮከብ በረኛ ሽልማት ነው፤ የሚመርጡትም ጋዜጠኞች ሳይሆኑ የቡድኖቹ ጄኔራል ማናጀሮች ናቸው። ነገር ግን አጥቂውም የራሱ አለው፤ ብዙ ነጥብ (ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ) ላስመዘገበ የአርት ሮስ፣ ብዙ ግብ ላገባ የሪሻር ዋንጫ አለ። አርት ሮስን የወሰደ አጥቂ ሃርትን እንዳይወስድ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ቬዚና በተጀመረበት በ1927 እና እስከ 1981 ባለው ጊዜ የግል ብቃት ሽልማት እንኳ አልነበረም። ጥቂት ግብ ለተቆጠረበት ቡድን በረኞች በቀጥታ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ የጄኒንግስ ዋንጫ ተረክቧል። ስለዚህ «የራሱ ሽልማት አለው» የሚለው አባባል ለሃምሳ ዓመት ያህል እውነትም አልነበረም።

በረኛን ለብቻ የመመደብ ልማድ ከሽልማትም ያልፋል። ከ1948 ወዲህ ደንቡ በረኛ በጨዋታ ላይ የአምበልነትን ሥራ እንዲሠራ አይፈቅድም። ቫንኩቨር በ2008 ሮቤርቶ ሉዎንጎን አምበል ብሎ ሲሰይም ዳኛ የሚያናግሩት ሌሎች ነበሩ።

ጥፋቱ የጋዜጠኞች ነው? ተጫዋቾች ቢመርጡ አይሻልም?

አይሻልም። ተጫዋቾች ራሳቸው የሚመርጡት ሽልማት አለ፤ በ1971 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ የቴድ ሊንዚ ሽልማት ይባላል። እስከ 2025 ያገኙት በረኞች ማይክ ሊዩት (1981)፣ ሃሼክ (1997 እና 1998) እና ፕራይስ (2015) ብቻ ናቸው። በዚሁ ዘመን ጋዜጠኞቹ ሃርትን ለበረኛ አምስት ጊዜ ሰጥተዋል። በ2025 ጋዜጠኞች ሄለበክን ሲመርጡ ተጫዋቾች ኒኪታ ኩቸሮቭን መረጡ። በየምሽቱ በረኛው ላይ የሚመቱት ሰዎች እንኳ ድምፃቸውን የሚሰጡት ለአጥቂ ነው።

ታዲያ በፕሌይኦፍ ለምን ይገለበጣል?

የፕሌይኦፍ ኮከብ የኮን ስማይዝ ዋንጫ ይሰጠዋል። ከ1965 እስከ 2025 ከተሰጡት 60 ሽልማቶች 17ቱን የወሰዱት በረኞች ናቸው። ፓትሪክ ሮይ ብቻውን ሦስት ጊዜ ወስዶታል። በመጨረሻው ዙር ከተሸነፈ ቡድን ስድስት ተጫዋቾች ብቻ ይህን ሽልማት አግኝተዋል፤ አራቱ በረኞች ናቸው፦ ሮጀር ክሮዚየር፣ ግሌን ሆል፣ ሮን ሄክስቶል እና ዣን ሴባስቲየን ዢጌር።

ሥራው አንድ ነው፤ የሚለየው አመለካከቱ ነው። በፕሌይኦፍ ሁለት ቡድን ለሁለት ሳምንት ተፋጥጦ ይጫወታል፤ በረኛው ተከታታዮቹን ጨዋታዎች ለቡድኑ ሲያሸንፍ ማንም ያየዋል። ተለዋጭ በረኛም እምብዛም አይሰለፍም። በ82 ጨዋታ ግን የበረኛው ሥራ በጥር ማክሰኞ ማታ ማንም ሳያየው ተበታትኖ ያልፋል፤ አጥቂው ደግሞ በየማለዳው የሚታተም የግብ ሰንጠረዥ አለው።

12 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ በረኛ እንዴት ተሸለመ?

በ1954 የተሸለመው አል ሮሊንስ ነው። ቡድኑ ቺካጎ መጨረሻ ወጣ፤ ሮሊንስም 12 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። የዚያን ዓመት ቬዚና ለሃሪ ላምሊ ሄደ። መራጮቹ የጠየቁት «እሱ ባይኖር ይህ ቡድን ምን ይውጠው ነበር?» ብለው ነው። በ1929ም ጆርጅ ሄይንስዎርዝ ለሞንትሪያል በ44 ጨዋታ 22 ጊዜ መረቡን ሳያስደፍር ወጣ፤ በአማካይ በጨዋታ አንድ ግብ እንኳ አልተቆጠረበትም። ሃርት ግን ደከም ባለው ቡድን ይጫወት ለነበረው ለዎርተርስ ተሰጠ። በ1950ም ቬዚና ለቢል ደርናን፣ ሃርት ለሬይነር።

የቀደሙት መራጮች «ለቡድኑ» የምትለዋን ቃል ለበረኛ ሲሆን ጠበቅ አድርገው ያነቡ ነበር። የዛሬዎቹ ገልብጠውታል፤ በረኛው እንዲታይ ቢያንስ 40 ጨዋታ ገደማ ማሸነፍ ይጠበቅበታል። ቡድኑ ግን በጣም ጥሩ ከሆነ፣ እንደ ኡልማርኩ 65 ጨዋታ ያሸነፈ ቦስተን፣ «ማንም ቆሞ ያሸንፍ ነበር» ይባላል። ቡድኑ ደካማ ከሆነ ስሙ አይነሳም። የምትቀረው መንገድ ጠባብ ናት።

በ2002 የተፈጠረው ምን ነበር?

ቴዎዶርና የካልጋሪው አጥቂ ጃሮም ኢጊንላ በድምፅ ነጥብ እኩል ጨረሱ፤ እያንዳንዳቸው 434። ኢጊንላ 52 ግብ አስቆጥሮ የግብም የነጥብም መሪ ነበር። የለያቸው አንደኛ ብሎ የጻፋቸው መራጭ ብዛት ነው፦ ቴዎዶር 26፣ ኢጊንላ 23። የሚገርመው እነዚያው ጋዜጠኞች ለዓመቱ አንደኛ ምርጥ ቡድን የመረጡት በረኛ ቴዎዶር ሳይሆን ሮይ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። እኛ ግን በትክክል የተነበበ ደንብ ነው እንላለን፦ አንዱ ጥያቄ ማን ከሁሉ ይበልጣል ነው፣ ሌላው ማን ለቡድኑ ይጠቅማል ነው። መልሳቸው የግድ አንድ መሆን የለበትም።

በረኛንና አጥቂን በአንድ ሚዛን መመዘን ይቻላል?

ይቻላል፤ ትንሽ ስሌት ይጠይቃል።

መጀመሪያ ስንት ምት እንደተመታበትና ስንቱን እንዳዳነ ያዙ። «በአማካይ በጨዋታ የተቆጠረበት ግብ» የሚለውን ቁጥር ለዚህ አትጠቀሙበት፤ ተከላካዮቹ ምን ያህል ምት እንደከለከሉም ስለሚቀላቅል የቡድኑ ቁጥር ነው።

ከዚያ የዚያን ዓመት የሊጉን አማካይ ፈልጉ። ይህን መዝለል ትልቁ ስህተት ነው። በ2015 አማካዩ 91.5 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2025 ወደ 90 ወርዷል። የፕራይስ 93.3 ከሄለበክ 92.5 የሚበልጥ ይመስላል፤ ከየዘመናቸው አማካይ ሲቀነሱ ግን ፕራይስ በ1.8፣ ሄለበክ በ2.5 ይበልጣሉ።

አሁን አባዙ። 1,600 ምት የተመታበት በረኛ አማካይ ቢሆን 160 ግብ ይቆጠርበታል። 92.5 በመቶ ካዳነ የሚቆጠርበት 120 ነው። ቡድኑን 40 ግብ አዳነው ማለት ነው። በሆኪ ስሌት 6 ግብ ያህል አንድ ድል ስለሚያመጣ፣ ወደ 7 የሚጠጋ ድል፣ በደረጃ ሰንጠረዡ 13 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ከፕሌይኦፍ በር ላይ ላለ ቡድን ይህ የመግባትና የመቅረት ልዩነት ነው።

የአጥቂውን 50 ግብ ከዚህ 40 ጋር ማወዳደር ግን ስህተት ነው። 40ው ልዩነት ነው፤ 50ው ጠቅላላ ነው። በአጥቂው ቦታ አማካይ ተጫዋች ቢሰለፍ 20 ግብ ያገባ ነበር ከተባለ የአጥቂው ልዩነት 30 ነው፤ ከዚያም ላይ አቀባዮቹ ድርሻ አላቸው። በእርግጥ አጥቂው ራሱ የሚያቀብላቸውም መቆጠር አለባቸው፤ ዋናው ነገር ሁለቱንም ከአማካይ ጋር ማስተያየት ነው።

ቀጥሎ የምቱን ጥራት እዩ። ከ15 ሜትር የተመታና ከግቡ ፊት ከ3 ሜትር የተመታ እኩል አይደሉም። ዛሬ የምቱን ቦታና ዓይነት ቆጥረው የሚጠበቀውን ግብ የሚያሰሉ ሞዴሎች አሉ። ለሕዝብ ክፍት የሆነው መዝገብ ግን ከምቱ በፊት የነበረውን ቅብብል አይዝም፤ የበረኛውን ዓይን ማን እንደጋረደውም አይናገርም። ስለዚህ ሞዴሎቹ በአንድ በረኛ ላይ ይለያያሉ። ሁለት ሦስቱ ከተስማሙ እመኑ፤ ካልተስማሙ ጠንቀቅ በሉ።

በመጨረሻ ተጠባባቂውን በረኛ እዩ። በዚያው ቡድን፣ ከእነዚያው ተከላካዮች ኋላ ቆሞ ስንት በመቶ አዳነ? ለ«ቡድኑ» ጥያቄ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም። ችግሩ ተጠባባቂው 20 ጨዋታ ብቻ መጫወቱና ብዙ ጊዜ የሚሰለፈው ቡድኑ በተከታታይ ሁለት ቀን ሲጫወትና ሲደክም መሆኑ ነው፤ ለብቻው ፍርድ አይሰጥም።

ቁጥር የማይዘው የበረኛ ሥራ አለ?

አለ፤ ብዙ ነው። ግቡ 1.83 በ1.22 ሜትር ነው፤ ፓኩ፣ በኳስ ፈንታ የሚመታው፣ 170 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ጎማ ነው። ተከላካዩ ከሩቅ ሊመታ ሲያነሳ በረኛው ፊት ሁለት ሰው ቆሟል። በረኛው ጎንበስ ብሎ በሰዎቹ እግር መካከል ያጮልቃል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ ማዕዘኑን ያጠባል፤ ፓኩ ደረቱ ላይ ሲያርፍ በጓንቱ ይሸፍነዋል። ፊሽካ። ተመልካቹ አላጨበጨበም። ደረቱ ላይ ነጥሮ ቢመለስለትና ሁለተኛውን ምት ወድቆ ቢያወጣው ስታዲየሙ ይነሳ ነበር፤ በመዝገቡም ላይ ሁለት ያዳነ ተብሎ ይጻፍለታል። ሥራውን አጥርቶ የሠራው አንድ ብቻ ይጻፍለታል።

ብሮዶር ደግሞ ፓኩን ከግቡ ጀርባ እየወጣ ለተከላካዮቹ በማቀበል ምቱ ሳይመጣ ያጠፋው ነበር። ያልተመታ ምት በማዳን መቶኛ ውስጥ አይገባም። ሊጉ ከ2005 ጀምሮ በረኛ ከግቡ መስመር ጀርባ ፓክ የሚነካበትን ቦታ በመስመር ከለለ። ለሽልማት ያልተቆጠረ ችሎታ ደንብ እስኪያስለውጥ ድረስ ተጽዕኖ ነበረው።

በረኛ ጥቂት ጨዋታ ስለሚጫወት መቀነሱ አግባብ አይደለም?

በጨዋታ ብዛት አዎ ያንሳል፤ በደቂቃ ግን ይበልጣል። 60 ጨዋታ የቆመ በረኛ 3,600 ደቂቃ ያህል ሜዳ ላይ ነው። በየጨዋታው 22 ደቂቃ የሚጫወት አጥቂ 82ቱንም ቢሰለፍ 1,804 ደቂቃ ነው። ሆኖም ገደብ ያስፈልጋል፤ 49 ጨዋታ ከተጫወተው ከኡልማርክ ይልቅ 63 የቆመው ሄለበክ የጠነከረ ጉዳይ አለው። ከ55 በታች የተጫወተ በረኛ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ካልሆነ አንደኛ ባይባል አንቃወምም። ከአምስቱ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሄለበክ በ2025 ይገባው ነበር? በፕሌይኦፍ ተቸግሮ የለም እንዴ?

ይገባው ነበር። 47 ጨዋታ አሸነፈ፣ 8 ጊዜ መረቡን አላስደፈረም፤ ዊኒፔግም በ116 ነጥብ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። 81 መራጮች አንደኛ ብለው ጻፉት፤ ተከታዩ ሊዮን ድራይሳይትል 53 አገኘ። ከዚያ በመጀመሪያው ዙር ከሴንት ሉዊስ ጋር ሲጫወት በሦስት ጨዋታ ከሜዳ ወጥቶ ተቀየረ። ድምፁ ግን አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ሽልማቱም የ82ቱ ጨዋታ ነው። ለአጥቂ የሚሠራው ደንብ ለእሱም ይሠራል።

በእግር ኳስ እንዳለው ባሎን ዶር ነው ማለት ነው?

ከዚያ ይሻላል። ባሎን ዶርን የወሰደ በረኛ ሌቭ ያሺን ብቻ ነው፣ በ1963። ከ2019 ጀምሮ ለበረኞች በስሙ የተለየ ሽልማት ተዘጋጅቷል። የሆኪ በረኛ በጨዋታ ከ25 እስከ 30 ምት ስለሚመታበት ውጤቱ ላይ ያለው እጅ ከእግር ኳሱ በረኛ ይከብዳል፤ የእኛም ጥያቄ የሚጠነክረው ለዚህ ነው።

ምን ቢደረግ ይስተካከላል?

ደንቡን መንካት አያስፈልግም። ማኅበሩ ከ2018 ጀምሮ የእያንዳንዱን መራጭ ወረቀት ይፋ ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በረኛን በየዓመቱ የሚዘል መራጭ አሁን በስሙ ይታወቃል። የሚቀረው እያንዳንዱ መራጭ አምስቱን ስም ከመጻፉ በፊት የዓመቱን ሁለት ምርጥ በረኞች ከአማካይ ያላቸውን ልዩነት አስልቶ ከአጥቂዎቹ ጎን ማስቀመጡ ነው። ስሌቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አስልቶ አምስተኛ ቢያደርገው ፍርዱን እንቀበላለን።